«ደረሰለት» እና «ደረሰበት» በእንግሊዝኛ

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባው የተገለበጠበት ሰው «ድረሱልኝ!» ብሎ ይጮኻል። በማግስቱ አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዛ የመጣ ሰው ወሬውን ሲሰማ ደግሞ «ምን ደረሰበት?» ብሎ ይጠይቃል። ግሱ አንድ ነው፤ ደረሰ። «ለ» ስትገባ ነፍስ ያድናል፣ «በ» ስትገባ አደጋ ይሆናል። ፈረደለት፣ ፈረደበት። መሰከረለት፣ መሰከረበት። ዘርቶ ለሚጠብቅ ገበሬ ዝናቡ ዘነበለት፣ እህል አስጥታ ገበያ ለሄደች ሴት ዘነበባት። አማርኛ መታደግንና መጉዳትን በአንዲት ፊደል ይለያል። እኛም ሳናስበው ቀኑን ሙሉ እንለዋለን።

እንግሊዝኛ ይህች ፊደል የለችውም። «አምስት ዓመት ተፈረደበት» ለማለት «ሂ ዋዝ ጀጅድ ፋይቭ ይርስ» የሚሉ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ጀጅ» የሚለው ግስ ፈረደ ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፣ እሱም ልክ ነው። ነገር ግን ግሱ ውስጥ «በ» የለችም፤ ስለዚህ እንግሊዛዊው ሰሚ ለሰውየው ይፈረድለት ይፈረድበት አያውቅም። እንግሊዝኛ የ«ለ»ን እና የ«በ»ን ሥራ ለሁለት ከፍሎ ነው የሚሠራው። ግማሹን ለግሱ ይሰጣል፤ ለማዳን አንድ ግስ፣ ለመኮነን ሌላ ግስ አለው። ግማሹን ደግሞ ከግሱ ቀጥላ ለምትመጣው መስተዋድድ ይተዋል፤ ለ«ፎር»፣ ለ«ኦፍ»፣ ለ«ዊዝ»፣ ለ«ቱ»፣ ለ«ፍሮም»፣ ለ«ኦን»። ግሱን ያለ መስተዋድዱ መሸምደድ «ደረሰ»ን ያለ «ለ» እና ያለ «በ» መሸምደድ ነው። የቃላት ደብተር የያዘ ተማሪ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ቢቀበል ከግማሽ በላይ ስሕተቱ ይቀንስለታል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን የሚያወሳስበው የተቃራኒ ቃል ጥያቄ ነው። «የሬስኪው (ከአደጋ አወጣ) ተቃራኒ የቱ ነው?» ይባልና ምርጫው ውስጥ ብሌም (ጥፋተኛ አደረገ)፣ ፐኒሽ (ቀጣ)፣ ከንዴም (ኮነነ)፣ አባንደን (ጥሎ ሄደ) ይደረደራሉ። ተማሪው ግራ ይገባዋል፤ ሰውን ከውኃ ማውጣት እና ሰውን መውቀስ ምን አገናኛቸው? ግንኙነቱ የመጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከፍርድ ቤት እና ከሃይማኖት። ሰውን ማዳን ማለት ከውኃና ከእሳት ብቻ ሳይሆን ከኃጢአት፣ ከክስና ከቅጣት ማዳንም ስለሆነ፣ የማዳን ቃላት «ነፃ ማለት»ን እና «ይቅር ማለት»ን ጎረቤት አደረጉ። የእነዚህ ተቃራኒዎች ደግሞ መውቀስና መቅጣት ናቸው። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባሳተመው የቃላት ስብስብ ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ መድቦ፣ በ1000 ርእሶች ሥር አስቀምጧቸዋል፤ ተቃራኒ ሐሳቦችንም ፊት ለፊት አቁሟቸዋል። ነፃ ማለት ከመኮነን ጋር፣ ሽልማት ከቅጣት ጋር ይተያያሉ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ የተመሳሳይና የተቃራኒ ቃላት ዝርዝሮች ይህን መንገድ ተከትለዋል። ችግሩ ዝርዝሩ የቱ ቃል የቱን በትክክል እንደሚቃረን ለይቶ አይናገርም።

መለያው መስተዋድዱ ነው። «አኪዩዝ» (ወነጀለ) ከ«ኦፍ» ጋር ይሄዳል፤ በነፃ አሰናበተ የሚለው «አክዊት»ም ከ«ኦፍ» ጋር ይሄዳል። በገቡበት በር ወጡ ማለት ነው፤ ስለዚህ ተቃራኒ ናቸው። «ብሌም» እና «ፐኒሽ» «ፎር» ይወስዳሉ፤ ይቅር አለ የሚለው «ፎርጊቭ»ም «ፎር» ይወስዳል። እነዚህም ጥንድ ናቸው። «ሬስኪው» ግን «ፍሮም» ይወስዳል፤ ከአንድ ነገር አውጥቶ። ተቃራኒው ወደ አንድ ነገር የሚያስገባ ግስ መሆን አለበት፤ እሱም «ቱ» የሚወስደው «ከንዴም» ነው። ከምርጫዎቹ ውስጥ «ከንዴም» እና «አባንደን» ካሉ ዓረፍተ ነገሩን ማየት ነው፤ ሰውየው በአደጋ ውስጥ ተጥሎ ከቀረ «አባንደን»፣ ተፈርዶበት ወደ ጥፋት ከተላከ «ከንዴም»። «ብሌም» የ«ሬስኪው» ቀጥተኛ ተቃራኒ አይደለም። ዝምድናው የሩቅ ነው።

ይህን «ከ» እና «ወደ» በሐዋሳ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ታሪክ ማየት ይቻላል። ታኅሣሥ 19 ከየአገሩ ምእመን ወደ ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ሲጎርፍ የሚታሰበው ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የዳኑበት ቀን ነው። ንጉሡ ወደ እቶን እሳት እንዲጣሉ ፈረደባቸው፤ መልአኩ ከእሳቱ አዳናቸው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ከንዴምድ ቱ» ነው፣ ሁለተኛው «ዴሊቨርድ ፍሮም»። አቅጣጫው ልክ እንደ አማርኛው ነው፤ «ወደ» እና «ከ»። ይህን ምስል በዓይነ ሕሊናው የያዘ ሰው «ሬስኪው» እና «ከንዴም»ን አያምታታም።

የማዳን ቃላቱን እንያቸው። «ሴቭ» ሰፊው ነው። አደጋው ሳይመጣም መከላከልን ያካትታል፤ ክትባት ሕይወትን «ሴቭ» ያደርጋል፣ «ሬስኪው» ግን አያደርግም። «ሬስኪው» ለማለት ሰውየው አስቀድሞ ወጥመድ፣ ውኃ፣ እሳት ወይም ፍርስራሽ ውስጥ መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው ደርሶ ያወጣዋል። ለዚህ ነው የነፍስ አድን ሠራተኞች ሥራ «ሬስኪው» የሚባለው። «ሴቭ» ገንዘብ መቆጠብም፣ ኮምፒውተር ላይ ሥራን ማስቀመጥም፣ ለጓደኛ ወንበር ይዞ መጠበቅም ነው። «ደረሱለት» ለማለት የሚሻለው «ዴይ ኬም ቱ ሂዝ ሬስኪው» የሚለው ነው፤ «መጡ» የሚለው ግስ ስላለበት ለእኛው «ደረሰ» የቀረበ ነው።

«ዴሊቨር» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ዴሊቨሪ ሲባል ምግብ ወይም ዕቃ በሞተር ቤት ድረስ ማምጣት ነው። ከላቲን ሲነሣ ግን ነፃ ማውጣት ማለት ነበር። በተጨማሪም እናት ልጅ ስትወልድ በዚሁ ግስ ይነገራል፤ ማዋለጃ ክፍሉም «ዴሊቨሪ ሩም» ይባላል። አማርኛችን ከእንግሊዝኛ ሳይማከር እዚያው ደርሷል። «ገላገለ» ስንል የተጣሉትን ለየ፣ ከጭንቅ አወጣ ማለታችን ነው፤ እናት ስትወልድ ደግሞ «በሰላም ተገላገለች» እንላለን። ስለዚህ ለ«ዴሊቨር» የቀረበው አማርኛ «አደረሰ» ብቻ አይደለም፤ «ገላገለ»ም ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ «ዴሊቨር አስ ፍሮም ኢቭል» ሲሰማ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው አይታየውም፤ «ከክፉ አድነን» የሚለውን ወዲያው ያገኘዋል። «ሪዲም» ለጊዜው በአንድ መስመር ይበቃዋል፦ ከፍሎ መልሶ መግዛት፣ መዋጀት።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ግሶች። አንደኛው «ሰርቫይቭ» ነው። እኛ «ከአደጋው ተረፈ» ስለምንል «ሰርቫይቭድ ፍሮም ዚ አክሲደንት» እንላለን። ስሕተት ነው። «ሰርቫይቭ» መስተዋድድ አይፈልግም፤ «ሰርቫይቭድ ዚ አክሲደንት» ብሎ ያልቃል፤ «ከ»ዋ ግሱ ውስጥ ተዋጠች። ሁለተኛው «ኢስኬፕ» ነው፣ ይኸኛው አደገኛ ነው። «ኢስኬፕ» ያለ «ፍሮም» ሲመጣ ነገሩ ሳይነካው አመለጠ ማለት ነው፤ «ኢስኬፕድ ዴዝ» ከሞት ተረፈ። ከ«ፍሮም» ጋር ሲመጣ ደግሞ ውስጥ ከነበረበት ወጥቶ ሸሸ ማለት ነው። ስለዚህ «ኢስኬፕድ ፕሪዝን» ሲባል ከእስራት ቅጣት ዳነ ማለት ሊሆን ሲችል፣ «ኢስኬፕድ ፍሮም ፕሪዝን» ግን ከእስር ቤት አምልጦ ጠፋ ማለት ነው። አንዲት መስተዋድድ ንጹሑን ሰው የፖሊስ ፈላጊ ታደርገዋለች።

ወደ ወቀሳው እንሻገር። «ብሌም»ን መዝገበ ቃላት «ወቀሰ» ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። ወቀሳ ፊት ለፊት ነው፣ የቅሬታ ቃል አለበት፣ ብዙ ጊዜም የሚዋቀሱት የሚቀራረቡ ሰዎች ናቸው፤ «ሳትጠይቀኝ ቀረህ» ብሎ እንደሚወቅስ ዘመድ። ለዚያ እንግሊዝኛ «ሪፕሮች» የሚል ቃል አለው። «ብሌም» ቃል ሳይወጣም በሆድ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነው። ሁለት አቀማመጥ አለው። «ብሌም» ቀጥሎ ሰውየው፣ ከዚያ «ፎር»፣ ከዚያ ጥፋቱ፤ «ብሌምድ ዘ ድራይቨር ፎር ዚ አክሲደንት»። ወይም «ብሌም» ቀጥሎ ጥፋቱ፣ ከዚያ «ኦን»፣ ከዚያ ሰውየው፤ «ብሌምድ ዚ አክሲደንት ኦን ዘ ድራይቨር»። ሁለተኛው ለእኛ «አላከከ» የቀረበ ነው፤ አደጋውን በሾፌሩ ላይ አላከከ። የሁለቱን ቦታ ማቀያየር የለም፤ «ፎር» ባለበት ጥፋቱን ማስቀደም፣ «ኦን» ባለበት ሰውየውን ማስቀደም ዓረፍተ ነገሩን ይሰብረዋል።

«ኦን» የ«በ» ጥላ ነች ማለት ይቻላል። ስልክ ባትሪው አልቆ እጅ ላይ ሲጠፋ «ስልኬ ጠፋብኝ» ለሚለው «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ» የሚሉት በዚሁ ስሜት ነው። «ፎር» ግን ታታልላለች። «ቴስቲፋይ ፎር» ሲሆን መሰከረለት ነው፤ ተቃራኒው በ«አጌንስት» ይመጣል፣ መሰከረበት። ስለዚህ ተማሪው «ፎር» ሁልጊዜ «ለ» ትመስለዋለች። «ፐኒሽ»፣ «ብሌም»፣ «ፋይን»፣ «አሬስት» ላይ ስትመጣ ግን «ፎር» ምክንያት ነች፤ ስለዚህ ጥፋት፣ በዚህ ምክንያት ማለት ነው። «ፐኒሽድ ሂም ፎር ስቲሊንግ» ስለሰረቀ ቀጣው ነው። ለማንም ሲባል የተቀጣ የለም።

«ጥፋቱ የእሱ ነው» ለማለት ሁለት መንገድ አለ፤ «ኢትስ ሂዝ ፎልት» ወይም «ሂ ኢዝ ቱ ብሌም»። የሁለተኛው ቅርጽ ሰዎችን ያደናግራል፤ «ሊወቅስ ነው» የሚል ይመስላል እንጂ «ጥፋተኛው እሱ ነው» ማለት ነው። እንዳለ መያዝ ነው። «ሕሊናው ወቀሰው» ለሚለው ደግሞ «ብሌም» አያስፈልግም፤ «ሂ ፌልት ጊልቲ» ይበቃል። ፍርድ ቤት ሲሆን ያው «ጊልቲ» ሌላ ነገር ነው፤ «ፕሊድ ጊልቲ» ጥፋቱን አመነ፣ «ፋውንድ ጊልቲ ኦፍ» ጥፋተኛ ተባለ። ስሜትና ፍርድ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ዙሪያውን ማየት ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው «ከሰሰ» ነው፤ አማርኛ በአንድ ቃል የሚለውን እንግሊዝኛ ለአራት ይበትነዋል። ጎረቤት በአጥር ድንበር ፍርድ ቤት ሲከስስህ፣ ማለትም በፍትሐ ብሔር፣ «ሱ» ነው፤ ምክንያቱ በ«ፎር» ይመጣል። ተራ ሰው «አንተ ነህ የወሰድከው» ሲል «አኪዩዝ» ነው፤ «ኦፍ» ይከተለዋል። ፍርድ ቤት መግባት የለበትም። በወንጀል ክስ ሲመሠረት «ቻርጅ» ነው፤ «ዊዝ» ይከተለዋል። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይዞ እስከ ፍርድ ሲከራከር «ፕሮሰኪዩት» ነው። ጎረቤቱ ስለ ወሰን ሲከስሰው «አኪዩዝድ ሚ» ብሎ የጻፈን ሰው የሚያነበው እንግሊዛዊ ሌባ ተብሎ የተሰደበ ይመስለዋል።

«ቻርጅ»ን ሁሉም ሰው በስልክ ያውቀዋል። መነሻው ጋሪ ላይ ዕቃ መጫን ነው። ባትሪ ላይ ኃይል ይጫናል፣ ደንበኛ ላይ ዋጋ ይጫናል፣ ተጠርጣሪ ላይ ክስ ይጫናል። የዚህን መልስ የሚሰጠው «ኤግዞነሬት» ከላቲኑ «ሸክም» የተሠራ ነው፤ ሸክም አወረደለት፣ ከጥፋት ነፃ መሆኑ ታወቀ። መጫንና ማራገፍ ብላችሁ ያዙት፤ ሁለቱ ቃላት አብረው ይቀመጣሉ።

የወንጀል ዜና በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ወይም ለሚተረጉም ሰው ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል መያዝ ይጠቅማል። መጀመሪያ «ሰስፔክት»፤ ተጠርጣሪ። ሲያዝ «አሬስትድ»። ክስ ሲመሠረትበት «ቻርጅድ»፤ ከዚህ ጀምሮ ተከሳሽ ነው። ጉዳዩ ሲታይ «ትራይድ»። ጥፋተኛ ሲባል «ኮንቪክትድ»፤ ያኔ ብቻ ወንጀለኛ ማለት ይቻላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ማንም ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ስለሰጠው፣ ገና «ሰስፔክት» የሆነን ሰው «ክሪሚናል» ብሎ መጻፍ የቋንቋ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሰውን መበደል ነው። ከጥፋተኝነቱ ቀጥሎ የቅጣቱ ልክ ሲነገር «ሴንተንስድ ቱ»። ትምህርት ቤት «ሴንተንስ» ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለተባለልን ይህኛውን እንረሳዋለን። «አምስት ዓመት ተፈረደበት» እንግዲህ «ሂ ዋዝ ሴንተንስድ ቱ ፋይቭ ይርስ ኢን ፕሪዝን» ነው። «ኮንቪክት» እና «ሴንተንስ» በተለያየ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥፋተኛ የተባለ ሁሉ ቅጣቱ ተነግሮታል ማለት አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ቀላል እስራትን «ሲምፕል ኢምፕሪዝንመንት»፣ ጽኑ እስራትን «ሪገረስ ኢምፕሪዝንመንት» ይላቸዋል። ቀላሉ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ ጽኑው ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት፣ በሕግ ከተደነገገም እስከ ዕድሜ ልክ። ሰነድ ስትተረጉሙ እነዚህን እንዳሉ ያዙ፤ ጽኑውን «ሃርድ» ወይም «ስትሮንግ» እያሉ መፍጠር አያስፈልግም።

ወደ መፈታቱ ስንመጣ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ እኛ «ተፈታ» ብለን በአንድ ቃል የምንዘጋውን እንግሊዝኛ ይተነትነዋል። በዋስ ከሆነ «ሪሊዝድ ኦን ቤይል»፤ ክሱ አሁንም አለ። በነፃ ከተሰናበተ «አክዊትድ»። ክሱ ከተቋረጠ «ዘ ቻርጅስ ዌር ድሮፕድ»። ቅጣቱን ጨርሶ ከወጣ «ሰርቭድ ሂዝ ሴንተንስ»። በአመክሮ ከሆነ «ፓሮል»፤ የወንጀል ሕጉ የእንግሊዝኛ ቅጂ «ኮንዲሽናል ሪሊዝ» ይለዋል፣ በመደበኛው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ለፈጸመና ጠባዩን ላሳመረ ሰው የሚሰጥ ነው። በይቅርታ ከሆነ «ፓርደንድ»፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 71 ይቅርታ ማድረግን ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው ይህን ነው። ምሕረት ግን «አምነስቲ» ነው፤ አንቀጽ 28 ሁለቱንም ለየብቻ ይጠራቸዋል። «ፓርደን» የተደረገለት ሰው ጥፋተኛ ተብሎ ቅጣቱ የቀረለት ነው፤ «አክዊት» የተደረገው ጥፋተኛ ያልተባለ ነው። በነፃ የተሰናበተን ሰው «ፓርደንድ» ብሎ መጻፍ ያላጠፋውን ጥፋት ማሸከም ይሆናል።

«ቅጣት» የራሱ ጣጣ አለው። ባጃጅ ነጂ «ትራፊክ ቀጣኝ» ሲል ገንዘብ ከፈለ ማለቱ ነው። «ዘ ፖሊስ ፐኒሽድ ሚ» ቢል ግን ሰሚው ዱላ ሊመስለው ይችላል። የገንዘብ ቅጣት፣ ሕጉ መቀጮ የሚለው፣ «ፋይን» ነው። አቀማመጡ ቀጥታ ነው፦ ሰው፣ ከዚያ ገንዘብ፣ ከዚያ «ፎር» እና ጥፋቱ። «አይ ዋዝ ፋይንድ ፋይቭ ሀንድረድ ብር ፎር ስፒዲንግ»። በገንዘቡ ፊት «ዊዝ» ወይም «ባይ» አይገባም። «ደህና ነኝ» የምንልበት «ፋይን» እና ይህ «ፋይን» ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል የመጡ ናቸው፤ ቃሉ «መጨረሻ» ማለት ነው። አንዱ ተሠርቶ ያለቀ፣ ያማረ ሆነ፤ ሌላው ነገሩን የሚጨርስ ክፍያ።

«ፐኒሽ» ከበድ ላለ፣ ሆን ተብሎ ለተሠራ ጥፋት ነው። ደንብ በመጣስ ነጥብ ሲቀነስ «ፔናላይዝ» ነው። ፈተና መመሪያ ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም ሲባል በዚህ ግስ ይጻፋልና አትደንግጡ። «ኮርፖራል ፐኒሽመንት» የአካል ቅጣት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከዚህ ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። «ካፒታል ፐኒሽመንት» ደግሞ የሞት ቅጣት ነው፤ ከላቲኑ «ራስ» የመጣ ነው። ድምፃቸው ስለሚቀራረብ ሁለቱን ማቀያየር በጽሑፍ ላይ ከባድ ስሕተት ይወልዳል።

የሐዋሳ ከተማ ቡድን ደጋፊ ሁሉንም በኳስ ሊያጠናው ይችላል። እኛ «ቅጣት ምት» የምንለውን እንግሊዝኛ «ፍሪ ኪክ» ይለዋል፤ እኛ የጥፋተኛውን ቅጣት አየን፣ እነሱ የተበደለውን ነፃነት፤ ተቃዋሚው 9.15 ሜትር ርቆ ይቆማልና መቺው በነፃነት ይመታል። ከ11 ሜትር የሚመታው ፍጹም ቅጣት ምት ግን በእነሱም «ፔናልቲ» ነው። ሐሳቡን ያቀረበው አየርላንዳዊው ዊልያም ማክረም ነው፤ ራሱ ግብ ጠባቂ ነበር፤ በ1891 እ.ኤ.አ. ደንብ ሆነ። ግብ ጠባቂው ሲይዘው ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ ማዳን ነው፦ «አዳነ»፣ «ሴቭድ»። ቅጣትና ማዳን በአንድ ምት ፊት ለፊት የሚቆሙበት ቦታ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ልብ በሉ፣ «ሴቭድ ዘ ፔናልቲ» ነው፤ «ፍሮም» የለም፣ «ሬስኪው»ም አይባልም።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሥራ ቅጣት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲደርስ «ሪተን ዋርኒንግ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ «ሰስፔንሽን» እገዳ፣ «ዲስሚሰል» ስንብት ነው፤ የስንብት መልሱ «ሪኢንስቴት»፣ ወደ ሥራ መመለስ። እዚህ «ሰስፔንድ»ን ተጠንቀቁ። ሠራተኛ «ሰስፔንድ» ሲደረግ ተቀጣ። እስራት «ሰስፔንድ» ሲደረግ ግን ቅጣቱ በገደብ ሆነ፤ ሰውየው ቤቱ ገባ። የታገደው ማን ወይም ምን እንደሆነ ሳታዩ አትደሰቱ፣ አትዘኑም።

ለልምምድ ይህን የተፈጠረ ዜና እንተርጉም። «ሐይቁ ላይ ሦስት ሰዎች የጀልባ አደጋ ደረሰባቸው።» ለ«ደረሰ» ግስ አትፈልጉ፤ «ስሪ ፒፕል ዌር ኢን ኤ ቦት አክሲደንት»። «ዓሣ አጥማጆች ደርሰውላቸው ሁሉም ተረፉ።» «ፊሸርመን ኬም ቱ ዴር ሬስኪው ኤንድ ኦል ስሪ ሰርቫይቭድ»። «ባለ ጀልባው አደጋውን በነፋሱ አላከከ።» «ሂ ብሌምድ ዚ አክሲደንት ኦን ዘ ዊንድ»፤ አደጋው ይቀድማል፣ ነፋሱ ይከተላል። «ዐቃቤ ሕግ በቸልተኝነት ከሰሰው።» «ቻርጅድ ሂም ዊዝ ኔግሊጀንስ»። «ጥፋተኛ ተብሎ 5,000 ብር ተቀጣ።» «ሂ ዋዝ ኮንቪክትድ ኤንድ ፋይንድ ፋይቭ ታውዘንድ ብር»። «ከእስራት ግን ተረፈ።» «ባት ሂ ኢስኬፕድ ፕሪዝን»። እዚህ ላይ እጃችሁ «ፍሮም» ሊጽፍ ይፈልጋል፤ ከጻፈ ሰውየው አጥር ዘሎ ጠፍቷል።